የመምህር ደመወዝ በልጆቻችን ውጤት ይለካ?

(በማኅበራችን የጥር ወር ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያቀረበችው ንግግር ነው። የቃል አነጋገሩን ብዙም አልነካነውም።)

 

ባለፈው ስብሰባ የቀረበውን ሐሳብ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እያንዳንዳችን በወር 30 ብር እንጨምርና ለብቻው ይቀመጥ፤ የ8ኛ ክፍል ልጆቻችን በክልሉ ፈተና ጥሩ ውጤት ሲያመጡ ላስተማሯቸው መምህራን ይሰጥ የሚል ነው። ነገሩ በዚያ አላበቃም። አንዲት እኅታችን ተነሥታ «እኔ እንጀራዬን ካልሸጥኩ ማን ይከፍለኛል? ልጅ ወደቀ አልወደቀ ደመወዙ የማይቀርበት መምህር ብቻ ነው። መንግሥትም ደመወዛቸውን በውጤት ያድርገው» ስትል ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። እኔ ዝም አልኩ። መምህር መሆኔን ስለምታውቁ ብናገር ለራሷ ታደላለች ትሉኛላችሁ ብዬ ነው። በኋላ ሊቀመንበራችን «አስቢበትና በሚቀጥለው ተናገሪ» አለችኝ። እንግዲህ ጥቅም ያለው ሰው እንደሚናገር እያወቃችሁ አድምጡኝ። 26 ዓመት አስተምሬአለሁ፤ 9ኙን በአንኮበር ወረዳ፣ ቀሪውን እዚሁ ደብረ ብርሃን።

መጀመሪያ የእኅታችን ቁጣ እውነተኛ መሆኑን ልናገር። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት 896,520 ልጆች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሦስት ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመትም ከ845,188ቱ 27,267። በሁለቱም ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። በኋላ ቁጥሩ ትንሽ ተሻሽሎ በ2017 ከመቶ ስምንት ገደማ ደርሷል፤ እሱም ቢሆን የሚያስደስት አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ደብተር ገዝታ፣ ዩኒፎርም ሰፍታ፣ ልጅዋን በጠዋት ቀስቅሳ የላከች እናት «የት ሄደ ያ ሁሉ?» ብትል ማን ይፈርድባታል? የሚያረፍድ መምህር የለም አልልም። ክፍለ ጊዜውን ሱቁ ውስጥ የሚያሳልፍም አለ። አብሬአቸው ስለምውል ከእናንተ በላይ የሚያናድደኝ እኔን ነው።

ግን ክፍያውን በውጤት እናድርገው ስንል ውጤት የምንለው ነገር ምን እንደሆነ እንየው።

ከእናንተ መካከል ፈትል የምትፈትሉ አላችሁ። ፈታይ በልቃቂት ቢከፈላት ተገቢ ነው። ነገር ግን ለአንዷ የተፈለቀቀ፣ የተነደፈ፣ ባዘቶ የሆነ ጥጥ ሰጥተን፣ ለሌላዋ ከነፍሬው ከነቆሻሻው ከሰጠናት በኋላ ማታ ላይ ልቃቂት ብንቆጥር ሁለተኛዋ ምን ትላለች? አንኮበር ሳለሁ ክፍሌ ውስጥ ከጎረቤላ ከተማ የሚመጡና ቁልቁለቱን ከታች ወጥተው የሚደርሱ ልጆች አብረው ይቀመጡ ነበር። የከተማዋ ልጅ ቁርሷን በልታ፣ የቤት ሥራዋን በመብራት ሠርታ ትመጣለች። ያቺኛዋ ሁለት ሰዓት ዳገት ወጥታ፣ ከዚያ በፊት ውኃ ቀድታ፣ የገበያ ቀን ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ቀርታ። ሁለቱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በሁለቱ ውጤት መካከል ያለው ልዩነት ግን የእኔ ሥራ አይደለም።

ያለንበትንም ዘመን አንርሳ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ልጆች በዚህች ከተማ በመጠለያ አድገዋል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ግጭቱ አላባራም፤ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት ልጅ ሳይመዘገብ እንደቀረ እናንተው ታውቃላችሁ። ከመጽሐፉ ግማሹን ሳይማር ለፈተና የተቀመጠ ልጅ ቢወድቅ ከማን ደመወዝ ላይ ይቆረጣል?

ከፍ ያለ ውጤት የሚያስመዘግቡት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሲመሰገኑ ደስ ይለኛል። ግን ልጆቹን ሲቀበሉ በፈተና መርጠው ነው። ባዘቶውን ተቀብለው ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ አዲስ ይመስለናል እንጂ በአገራችን በግማሽ ጎኑ ተሞክሯል። መምህር ከጀማሪ ተነሥቶ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ መምህር እያለ በደረጃ ይወጣል፤ ደረጃ ሲጨምር ደመወዝ ይጨምራል። ለደረጃው የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ያስፈልጋል። ከዓመታት በፊት በነበርኩበት አንድ ትምህርት ቤት በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ዕቅድ አምጡ እንባላለን፤ ዕቅዱ ላይ «ከተማሪዎቼ ይህን ያህሉ በመቶ ከ50 በላይ፣ ይህን ያህሉ ከ75 በላይ ያመጣሉ» ብለን እንጽፋለን። ዓመቱ ሲያልቅ የተጻፈው ሁሉ ተፈጽሞ ይገኛል። ጥያቄውን የሚያወጣው ማን ነው? መምህሩ። የሚያርመው? መምህሩ። ነጥቡን የሚሞላው? እሱው። ዕቅዱን ያላሳካ ደግሞ ተገምግሞ «ምክንያትህን ጻፍ» ይባላል። ስለዚህ ከአሥር የሚታሰብ የቡድን ሥራ ይሰጣል፤ ሁሉም ዘጠኝ ያገኛል። ደብተር ለያዘ አምስት፣ ክፍል ለተገኘ አምስት። ልጁ ሰባ አምስት ይዞ ቤቱ ይገባል፤ እናቱም ዶሮ ትሠራለች።

እነዚያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የወደቁት ልጆች ካርዳቸው ቢታይ ብዙዎቹ ሰባና ሰማንያ የነበራቸው ናቸው። ነጥቡን በልጁ ላይ የጨመረው ሰነፍ መምህር ብቻ አይምሰላችሁ። ጎበዙም ጨምሯል፤ ምክንያቱም ያልጨመረ ደረጃው ይቀርበታል። በነጥብ ክፈሉ ብንል የምናገኘው ነጥብ ነው።

«የሚፈትነው ሌላ ይሁን» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ግን በሌላ የሚሰጥ ፈተናም ገንዘብና ኑሮ ሲንጠለጠልበት ምን እንደሚሆን አይተናል። በ2008 የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ወጥቶ ፈተናው በአገር አቀፍ ደረጃ ተሰርዟል። ልጆቹን ከየቤታቸው አንሥቶ ዩኒቨርሲቲ እስከ ማስገባት የተደረሰውም ኩረጃው በየትምህርት ቤቱ ስላልተቻለ ነው። በኩረጃው ውስጥ መምህርና ርዕሰ መምህር እንዳሉበት የማያውቅ የለም። ያኔ እኮ የመምህሩ ደመወዝ በዚያ ፈተና ላይ አልታሰረም ነበር! ቢታሰርስ? በአሜሪካ አትላንታ በምትባል ከተማ ሹመትና ጉርሻ በፈተና ውጤት ሲሆን መምህራን ማታ ማታ ተሰብስበው የልጆቹን የተሳሳተ መልስ በላጲስ እያጠፉ ትክክለኛውን ያጠቁሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የምርመራ ውጤት 44 ትምህርት ቤቶችና 178 መምህራንና ኃላፊዎች ተጠቅሰዋል። ከእነሱ የታሰሩም አሉ። ፈረንጅ ስለሆነ አይሰርቅም ያለ ካለ ይስማ።

እንግሊዞችም ከ160 ዓመት በፊት ሞክረውት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1862 ጀምሮ ተቆጣጣሪ እየመጣ ልጆቹን በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ እየፈተነ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ገንዘብ በዚያ ይወሰን ነበር። ልጆቹ የንባብ መጽሐፋቸውን ገጽ በገጽ በቃላቸው ያዙት፤ ያልተከፈለበት ትምህርት ሁሉ ተጣለ። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይተው ተዉት።

ይህን ሁሉ ብዬ ስጨርስ «በቃ መምህር አይጠየቅ» ብያችሁ ብቀመጥ ጥሩ ነበር፤ ለእኔም ይመቸኛል። ግን እውነቱ እንዲያ አይደለም። ሐሳቡ የሠራበት አገር አለ።

በጎረቤታችን በኬንያ፣ ቡሲያና ቴሶ በሚባሉ ወረዳዎች፣ ልጆቻቸው በፈተና ለሚሻሻሉ ትምህርት ቤቶች መምህራን ለ2 ዓመት ሽልማት ተሰጠ። ውጤቱ ከፍ አለ። ተመራማሪዎቹ ቀረብ ብለው ሲያዩ ግን መምህራኑ ከበፊቱ የበለጠ ክፍል አልተገኙም፤ የቤት ሥራም አልጨመሩም። የጨመሩት የፈተና ልምምድ ነው። ሽልማቱ ሲቆም ውጤቱም አብሮ ቆመ። በህንድ አንድራ ፕራዴሽ ደግሞ ሌላ ሆነ። እዚያ ጉርሻው ትንሽ ነበር፤ ከዓመት ደመወዝ 3 በመቶ ገደማ። የሚከፈለው ልጆቹ ስንት አመጡ ተብሎ ሳይሆን ካለፈው ዓመት ስንት ተሻሻሉ ተብሎ ነው። የሚፈትኑት ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጆቹ በሒሳብና በቋንቋ በግልጽ ተሻሉ፤ ጉርሻ ባልተከፈለባቸው በሳይንስና በኅብረተሰብ ትምህርትም ጭምር። በታንዛኒያ 350 ትምህርት ቤቶችን ባካተተ ሙከራ ለአንዳንዶቹ ለመጽሐፍና ለዕቃ ገንዘብ ብቻ ተሰጠ፤ ለሌሎቹ ማንበብና መቁጠር ለቻለ ለእያንዳንዱ ልጅ ለመምህሩ ጉርሻ፤ ለሌሎቹ ሁለቱም። ዕቃ ብቻ ያገኙት ምንም ለውጥ አላሳዩም። ጎላ ያለ ለውጥ የታየው ሁለቱንም ያገኙት ዘንድ ነው።

ልብ በሉ፣ ከነዚህ በአንዱም አገር የመምህሩ ደመወዝ አልተነካም። የተሰጠው ጭማሪ ነው። ባለፈው ያጨበጨብንለት ግን ደመወዙ ራሱ በውጤት ይሁን የሚለውን ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተወስኗል። ከዚህ ላይ ሩቡ በልጆች ውጤት ቢታሰር 2,875 ብር ነው። የቤት ኪራይ የምትከፍሉ እኅቶች ይህ ምን ያህል እንደሆነ አስሉት። ያ ሰው ቀጥሎ ምን ያደርጋል? ትጉ የሆነው ተማሪው ወደሚያልፍበት ትምህርት ቤት ለመዛወር ይሯሯጣል። ከአንኮበር ቆላ ወደ ጎረቤላ፣ ከጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ። ዳገት ወጥታ የምትመጣው ልጅ ዘንድ የሚቀረው የትም መሄድ ያልቻለው ነው። ከዚህም የከፋው፣ መምህሩ ያቺን ልጅ ሲያያት ደመወዙን የምትቀንስ ሆና ትታየዋለች። «አንቺ ዘንድሮ ባትፈተኚ ይሻልሻል» የሚል ምክር በለሰለሰ አንደበት ይጀመራል። ከገበያ የምትቀር፣ ታናናሾቿን የምታሳድግ ማን ናት? ብዙውን ጊዜ ሴቷ ልጅ ናት። የሴቶች ማኅበር ሆነን ይህን አለማሰብ አይገባንም።

በነገራችን ላይ የመምህርን ኑሮ ሳይጠይቁ መቀየር በዚህ አገር ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ያቆሙት «ሴክተር ሪቪው» በተባለው የትምህርት ዕቅድ የተነሣ ነበር። ወላጆችም ልጆቻችንን አራተኛ ክፍል ላይ ሊያስቀሯቸው ነው ብለው ተቆጥተው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ታላላቆቻችን ያውቁታል።

አሁን ወደ 30 ብራችን ልመለስ።

የቀረበው ሐሳብ ለ8ኛ ክፍል መምህራን ይሰጥ ይላል። 8ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሰባት መምህራን ወይም ከዚያ በላይ አልፈውበታል። ጠላውን የጠመቀችው ሌላ ሆና የምትመሰገነው የቀዳችው ልትሆን ነው። ልጅ የሚጠፋው ደግሞ ታች ነው። በ1986ቱ ፖሊሲ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጆች በተከታታይ ምዘና እየታዩ ከክፍል ወደ ክፍል እንዲያልፉ ሲባል፣ ምዘናው ቀረና ማለፉ ብቻ ቀረልን። በ2002 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ጽሑፍ አንዲት ቃል ማንበብ እንዳልቻለ አሳይቷል። እኔ 6ኛ ክፍል ነው የማስተምረው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ፊደል የማይለይ ልጅ ይደርሰኛል። ለእሱ የሳይንስ ትምህርት ሬዲዮ እንደመስማት ነው፤ ጣቢያው ደግሞ አይያዝለትም።

አያቶቻችን ለየኔታ እንዴት ይከፍሉ እንደነበር የሰማችሁ አላችሁ። ልጁ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ዳዊት ሲሻገር ቆይቶ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ይደግሳል፤ የኔታም ስጦታቸውን ይቀበላሉ። ይህም በውጤት መክፈል ነው ብትሉኝ እሺ እላለሁ። ነገር ግን አንዱ ልጅ በሁለት ዓመት፣ ሌላው በአራት ዓመት ቢደግም የኔታ አይነቀፉም። ልጁ ከጎረቤት ልጅ ጋር አይነጻጸርም። ማንበቡን ደግሞ ቤተሰቡ በጆሮው ይሰማዋል፤ ካርድ አምጡ የሚል የለም። (ዱላው እንዳለ ሆኖ፤ እሱን አልናፍቅም።)

ስለዚህ እንዲህ ብናደርግ እላለሁ። 42 ነን። 30 ብር በወር 1,260 ብር ይሆናል፤ ከየካቲት እስከ ሰኔ 6,300 ብር። ግማሹን አሁኑኑ የማንበቢያ መጻሕፍት እንግዛበት፤ የተረት መጻሕፍት፣ ፊደሉ ጎላ ያለ። ግማሹን እናስቀምጠው። ልጆቻችን በሚማሩበት ትምህርት ቤት የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆችን፣ ርዕሰ መምህሩ ከፈቀዱልን፣ በየካቲት አንድ ጊዜ እናስነብባቸው። ማንበብ ያልቻሉትን ስማቸውን እንያዝ። በሰኔ እነዚያኑ ልጆች እንደገና እናስነብባቸው። በየካቲት ማንበብ አቅቶት በሰኔ ላነበበ ለእያንዳንዱ ልጅ ከተቀመጠው ገንዘብ እንስጥ፤ ለአንድ መምህር ለብቻው ሳይሆን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ለሚያስተምሩት በአንድነት፣ እርስ በርስ እንዳይደባበቁ። ቀድሞ የሚያነበው ልጅ ገንዘብ አያመጣም። ገንዘብ የሚያመጣው ደካማው ነው። ዳገት ወጥታ የምትመጣዋ ልጅ ለአንድ ጊዜ እንኳን በመምህሯ የምትፈለግ ትሁን። ከዚህ ገንዘብ ለእኔ ለ6ኛ ክፍል መምህርቷ አንድ ብር አይደርሰኝም፤ ይህንም መዝግቡት።

ስለሚያረፍዱት መምህራን ጉዳይ ገንዘብ አያስፈልገውም። የወላጅ መምህር ኅብረት አለ፤ በስብሰባው ላይ የምንገኘው ግን ስንቶቻችን ነን? ባለፈው ከዚህ ቤት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበርን። ተራ አውጥተን በሳምንት አንድ ቀን አንዳችን ጠዋት በር ላይ ብንገኝና «ደህና አደሩ መምህር» ብንል ይበቃል። የመጣውንም የቀረውንም እናያለን። እኔንም ጭምር።

እንግዲህ የሚቀረን የሚያስነብቡትን ሁለት ሴቶች መምረጥ ነው። እኔ መሆን የለብኝም፤ ባልደረቦቼ ናቸው። አንዷ ማንበብ የምትችል ትሁን፤ ልጁ ሲሳሳት ታውቃለች። ሁለተኛዋ ግን ከመሠረተ ትምህርት ያላለፉት እናቶቻችን አንዷ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ይከድኑበትና «በል አሁን ጅቡ ምን ሆነ? አህያዋስ?» ብለው ይጠይቁት። ፊደሉን እየጠራ ያላነበበውን ያኔ ይለዩታል።